ሁለት ሳህን

ሽማግሌዎቹ «ታረቁ፤ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብለው በከተማው አንድ ጫፍ፣ ብሬዴንግ ሰፈር ባለው የአክበረት ቤት ሳሎን መሃል ቆመው ነበር። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት ጋሽ ሕሩይ መቆሙ ከብዷቸዋል። አክበረት ከቁም ሳጥኑ ሁለት ሳህን አውጥታ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ጫፍ አስቀመጠች። ባሏ እጮኛዋ ሳለ ሥራውን ለአባቷ ያስረዳው እንዲህ አድርጎ ነበር፦ ሳህን የሚመስሉ ሁለት የራዲዮ ቴሌስኮፖች አገር ለአገር ተራርቀው ሰማዩን ሲያዳምጡ፣ የሰሙት ተጣምሮ እንደ አንድ ግዙፍ ዓይን ያያል ብሎ።

«ከከተማው ወዲያ ማዶ ኡፕላንድስ ቬስቢ ቤት ብትይዝም ግድ የለኝም» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ተራርቀውም አንድ ዓይን ይሆናሉ ያልከው አንተው ነህ።»

ባሏ ፈገግ አለ። ሳህኖቹን ጠርዝ ለጠርዝ እስኪነካኩ ድረስ ቀስ አድርጎ አቀራረባቸው። አክበረት እንባዋ መጣ። ጋሽ ሕሩይም «ተመስገን!» ብለው፣ የሶፋውን መደገፊያ ይዘው ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

«አንድ ዓይን የሚሆኑት ግን ሁለቱም አንድ ኮከብ ሲያዩ ነው» አለና ባሏ በእሱ በኩል ያለውን ሳህን በአፍጢሙ ደፋው። «እኔ ፊቴን ካዞርኩ ቆየሁ። አይቀመጡ፣ ጋሼ» አላቸው በትሕትና፣ ክንዳቸውን ደግፎ እያቆማቸው።