የትርንጎ ጠጅ ቀማሽ

ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሠርግ ጠጅ ስትጥል ኖራ፣ የልጇ ሠርግ ሲደርስ መቅመስ ተከለከለች። በዚያ ዘመን ሴት ሁሉ የምታጠልቀው ቀለበት ደሟን ይመረምራል፤ በጡት ካንሰር የመያዝ ስጋቷ ከፍ ያለ ከሆነ፣ መጠጥ ከንፈሯን በነካ ቁጥር ቤቱ እስኪሰማ ይጮኻል። የትርንጎ ቀለበት መጮህ ከጀመረ ከርሟል።

ሠርጉ ነገ ነው። ትርንጎ ጋኑ ዙሪያ ትንቆራጠጣለች።

“እሺ፣ እንዴት ነው?” አለችው ከብርሌው የሚቀምስላትን ባሏን ይመኑን።

“ጥሩ ነው።”

“ጥሩ ብሎ ነገር የለም! ማሩ ነው ጌሾው የሚቀድመው?”

“እኔ እንጃ፣ ይጠጣል።”

ብርሌውን ቀምታው አሸተተች፤ አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሳችው። ሹሩባዋ በግማሽ የተሠራው ሙሽራ፣ ውባለም፣ ከጓዳ ወጣች።

“ኧረ እማዬ፣ እኔ ልቅመስልሽ” ብላ አንድ ጊዜ ተጎነጨች።

ቀለበቷ ጮኸ።

ትርንጎ ብርሌውን ነጠቀቻት። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“እኔም አሁን መስማቴ ነው። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም እኮ።”

ውባለም ጣቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ድምፁን ልታፍነው ሞከረች። ትርንጎ እጇን ከነነጠላው ጨበጠችው።

“ስጋት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።”

ይመኑ ብርሌውን አነሳ። “በይ አስተምሪኝ።”

“ቶሎ አትዋጠው።”

ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። “ማሩ ቀደመ። ጌሾው ከኋላው መጣ።”

“እንዴት አድርጎ?”

“ቀስ ብሎ።”

“እንግዲያው ደርሷል” አለች ትርንጎ፣ የልጇን እጅ ሳትለቅ።