ካፖርት በሐምሌ

«ቆልፊው እንጂ! ምን ትፈሪያለሽ?» አሉ እትዬ እንቁ።

ዘቢደር ወፍራሙን ቀይ ካፖርት እስከ አገጯ ቆለፈችው። እግዚኦ! በጅቡቲ ሐምሌ፣ ያውም መብራት ጠፍቶ ቬንቲላተሩ በቆመበት ቀትር፣ የበረዶ አገር ልብስ መለካት የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም። ላቡ በጀርባዋ ቁልቁል ወረደ። እትዬ እንቁ ግን የራሳቸውን ቀይ ካፖርት ለብሰው መስተዋቱ ፊት እንደ ሙሽራ ይዟዟራሉ።

«አባቴ ጅቡቲ በባቡር መጣ፣ እኔ ደግሞ በመርከብ ልሂድላቸው!» ብለው ሳቁ።

ፈረንሳይ፣ ሊዮን የምትኖረው ልጃቸው መዓዛ ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው። እናቷን በመርከብ ግሪንላንድ ልትልክ ነው። መኪና በማይገባባቸው፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባቸው መንደሮች በጀልባ እየወረዱ ሰዉን ያያሉ፤ ፀሐይዋም ሌሊቱን ሙሉ አትጠልቅም አሉ። ፍልሰታ ሳይገባ ይመለሳሉ። የእትዬ እንቁ ጉልበት አያስተማምንምና ሠራተኛቸው ዘቢደር አብራ ትሂድ ተባለ። ቪዛውም መጣ። አሁን መዓዛ ትኬት ለመቁረጥ የምትጠብቀው የዘቢደርን እሺታ ነው፤ ያውም ዛሬውኑ።

ዘቢደር እሺ ማለት አቃታት። ዕረፍቷን ድሬዳዋ፣ እህቷ ጋ ልታሳልፍ ነበር። ለሽርሽር ከሆነ እህቷም ትረዳታለች፤ ዓለም ማየት ማን ይጠላል? በረዶ ላይ ሻንጣ ልትጎትትና ልብስ ልታጥብ ከሆነ ግን፣ ለዚህ ለዚህማ ጅቡቲ ምን አነሳት! ታዲያ አሠሪ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ነገሩ አፏ ላይ እየደረሰ ይመለስባት ነበር።

ካፖርቱን አውልቃ ምሳ አቀረበች። ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ የየመኖች ዓሣ፣ ከነትኩስ ቂጣው። ሁሌም የእትዬ እንቁን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ የራሷን ኩሽና ነው የምትበላው። ዛሬም ልትመለስ ስትል እጇን ያዝ አደረጓት።

«ተቀመጪ።»

«ሎሚ ላምጣ፣ እትዬ…»

«ሎሚው ይቅር። መርከቡ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚበላው። እዚያ ከወንበሬ ኋላ ልትገተሪ ነው? ነይ፣ ከአሁኑ እንልመደው።»

ዘቢደር የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት የወለወለችው ወንበር ነው፤ እንዲህ ምቹ መሆኑን አታውቅም ነበር። እትዬ እንቁ ከዓሣው ሆድ ለስለስ ያለውን ቆርሰው በቂጣ ጠቀለሉና አጎረሷት። አፏ ሞልቶ ሳለ ሁለተኛውን አነሡ።

«ኧረ በቃኝ!»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!»

ጎረሰች። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ደፈረች። «እትዬ፣ ግን እኔ ምን ሆኜ ነው የምሄደው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሠራተኛ ሆኜ ነው? ወይስ…» ከወይስ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አጣችው። ምን አስቀበጠኝ አለች በሆዷ።

እትዬ እንቁ እጃቸውን ጠረጉ፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው «እንዴት ረሳሁት፣ ውሃ የለም እኮ» እያሉ ተነሡ።

«እትዬ በሞቴ! እኔ አመጣለሁ፣ ጉልበትዎ…»

«ቁጭ በይ ብያለሁ! ጉልበቴን ለኔ ተዪው።»

እያነከሱ ወደ ኩሽና ገቡ። ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ እግራቸው እዚያ ረግጦ አያውቅም። የቁም ሳጥን በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሌላው ተከፈተ። አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ።

«አንቺ ዘቢደር! ብርጭቆ የት ነው የሚቀመጠው?»

ዘቢደር ከወንበሩ ብድግ አለች። ቆመች። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ፣ በደንብ ተደላድላ ተቀመጠች።

«በስተግራ፣ ከላይ ነው፣ እትዬ» አለች። «ለኔም ይዘውልኝ ይምጡ።»