ዘጠና አንድ ዲግሪ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ደጋ ላይ ባለች ከተማ የሳይንስ መምህሩ የዓመቱን ትምህርት እየከለሱ፣ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብለው ጠየቁ።

«በዘጠና አንድ» አለች ትብለጥ።

«መቶ ነው!»

«እዚህ ግን ዘጠና አንድ ነው ቲቸር። ቦታው ከፍ ሲል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ደግሞም ለክቼዋለሁ።»

መምህሩ ጠመኔውን ወለሉ ላይ ወረወሩት። «ጥጋበኛ! ውጪ!»

ትብለጥ በንዴት ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ከቤተ ሙከራው ቴርሞሜትርና ቡታጋዝ ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛቸው ላይ ውሃ ጣደች። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ቴርሞሜትሩ ዘጠና አንድ ላይ ቆመ።

«ይኸው! ይዩት!» ብላ ጮኸችባቸው።

መምህሩ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«አውቃለሁ» አሉ። «በአንቺ ዕድሜ እኔም ለክቻለሁ። ፈተናው ላይ ዘጠና አንድ ብዬ መልሼ በአንድ ነጥብ ወደቅኩ። አባቴ ከትምህርት ቤት አስወጣኝ፤ ስድስት ዓመት ድንጋይ ፈለጥኩ። አራሚዎቹ እዚህ መጥተው ውሃ አያፈሉልሽም! ጻፊ!»

ትብለጥ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና «መቶ» ብላ ጻፈች።