አንኮበር ሲያድር የማይነሳው ፒክአፕ

መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ሞተሩ ይመስላችኋል? እንግዲያው አንኮበርን አታውቋትም። እዚያ መጀመሪያ የሚመረመረው ሾፌሩ ነው።

ይትባረክ የወይዘሮ ወለተሐናን ፒክአፕ ዘጠኝ ዓመት ነድቷል። ገብስና በግ ጭኖ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፣ ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። ጉም የኮፈኑን ጫፍ በሚሰውርበት መንገድ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ከጥምቀት ወዲህ ግን መኪናው ጠዋት ጠዋት ያስቸግር ጀመር። ዛሬም ይትባረክ እንደ ወትሮው ቁልፉን ከወይዘሮዋ እጅ ተቀብሎ ገባ። መብራቱ በራ፤ ጡሩንባው ጮኸ፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ጭጭ።

«ደብረ ብርሃን ሲያድር እሺ፣ እኔ ግቢ ሲያድር እምቢ!» አሉ ወይዘሮ ወለተሐና፣ በረንዳቸው ላይ እንደ ዳኛ ተሰይመው። «ይሄ ምን የሚሉት ነው?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው፣ እትዬ።»

«ይግረምህ! የኔ ሲቆም ጭነቱን በራሱ መኪና የሚወስደው ወልደኪዳን ነው። ስንት ከፈለህ?»

ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። መኪና ግፉ ሲባል ወገቡን የሚያመው ሁሉ፣ ለፍርድ ሲሆን በሰዓቱ ይደርሳል።

«ወልደኪዳን ጠጅ ሲጋብዘው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ከአጥሩ ላይ ተሾመ። ያን ጠጅ አብሮ የጠጣው ራሱ መሆኑን ግን አልጨመረም።

ወይዘሮዋ ቆርጠዋል። ከደብረ ብርሃን ያስመጡት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «የሰው እጅ አለበት» ካለ ይትባረክ ቁልፉን አስረክቦ ይወጣል። በከዳተኛነት ከተባረረ ደግሞ ከመዘዞ እስከ እነዋሪ መኪና የሚያምነው አይገኝም። ሦስት ልጆች የሚያድሩት በዚያ ቁልፍ ነው።

ነቢዩ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ነገረኛ አልነበረም። ባትሪውን ለካ፤ ደህና ነው። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በካቻቢቴ በቀጥታ አገናኘው፤ መኪናው ወዲያው ተነሳ። ጎረቤቱ አጨበጨበ።

ነቢዩ አጠፋው። «ሞተሪኖው ጤነኛ ነው። የተቋረጠው ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ባለው መስመር ላይ ነው።»

ከባትሪው አጠገብ ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈተ። ክዳኑ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ለሞተሪኖው ኃይል የምታቀብለውን ሪሌ ሲነቅላት እግሮቿ አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ወጡ፤ መሰኪያዋ ውስጥ ውሃ አቁሯል።

«ሰሞኑን ዘንቦ ነበር?»

«ጠብ አላለም» አለ ይትባረክ።

«መኪናውን ታጥበዋለህ?»

«ከላይ በጨርቅ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ውሃ አላስነካም፤ ሾፌር አይደለሁም እንዴ?»

«እንግዲያው ይሄን ውሃ ሰው ነው ያፈሰሰው። አንድ ጊዜም አይደለም፤ ደጋግሞ። ሲርስ ይቋረጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይነሳል።»

«ሰማችሁ!» ወይዘሮ ወለተሐና ከመቀመጫቸው ተነሱ። «የሰው እጅ! አልኩ አላልኩም? ቁልፌን አምጣ!»

«እኔ ድሮም ዓይኑን አላምነውም» አለ ተሾመ።

ይትባረክ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበ። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል ወደ ኋላ ሸሹ።

«እትዬ፣ በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም። ሳላውቅ ያጠፋሁት ካለም ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮዋ ቁልፉን ከእጁ ነጠቁት። ጎረቤቱም ዘጠኝ ዓመት በነፃ የጫነለትን ሰው ቀና ብሎ አላየም።

ነቢዩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ በረንዳው ዞረ። «እትዬ፣ ማታ ማታ እዚህ መኪና አጠገብ የሚደርስ ሌላ ማን አለ?»

«ማን ይደርሳል! በሩን ቆልፌ፣ ኮፈኑን በገዛ እጄ ከፍቼ፣ የምቀኛ ዓይን እንዳያርፍበት ጠበል የማጠጣው እኔው ነኝ፤ እሱንም፣ ወልደኪዳንንም፣ ጠበሌን ውሃ ያልከኝን አንተንም፣ ማንንም ይቅር አልልም!»