ዳሌቲን ለማንሳት

ሽማግሌው ጃታኒ በጨርቅ የተቋጠረውን መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ለሌላ ሰው ስጠው» ይላል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደሳለኝ ቋጠሮውን ይፈታዋል። ባለፈው ሳምንት ለሽማግሌው የሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክኒን ነው፤ አንዱም አልተነካም። ግራ ቢገባው በሚያውቀው የቦረና ሰላምታ፣ ሰላም በመጠየቅ፣ ይጀምራል።

«ከብቱ ናጋ ነው?»

«ናጋ።»

«ጥጃውስ? የኤላው ውኃስ?»

«ናጋ፣ ናጋ።»

በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ግን ከነገሌ ዳርቻ የከብት በድን ሽታ ይዞ ይመጣል።

«ስንት ቀሩ፣ አባቴ?» ጥያቄው ያመልጠዋል። ቦረና ከብቱን አይቆጥርም፤ ቢጠየቅም ቁጥር አይናገርም። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠየቃቸው ሁሉ «አንተ ፀጉርህን ቆጥረህ ጨረስክ?» እያሉ ስቀውበታል።

«አንድ» ይላል ጃታኒ።

ደሳለኝ ብዕሩን ያስቀምጣል። ባለፈው ሳምንት የዚሁ ሰው ጎረቤት ጎሊቻም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሁ ቁጥሩን ነግሮት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ራሱን አጠፋ። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ እንዲህ የሞተ ሦስተኛው ሰው ነው። ለአውራጃው የሚላከው ቅጽ የሞት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ ወባ፣ ተቅማጥ፣ ሳንባ። ሦስቱን ሰዎች የት እንደሚጽፋቸው እስካሁን አላወቀም። ድርቅ በሽታ ነው? ከሆነስ መድኃኒቱ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?

«የቀረችው ማን ትባላለች?» ይላል።

«ዳሌቲ። ከስታለች፣ ከተኛች መነሳት አትችልም። ጠዋት ጠዋት እናነሳት ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ከጎሊቻ ጋር። እሱ በጭራ፣ እኔ በቀንድ።» እጆቹን ያያቸዋል። «አንድ ሰው አያነሳትም።»

ሰባኪ ቢሆን ይጸልይለት ነበር። ደሳለኝ የሚያውቀው መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ነው።

«ነገ ጠዋት እኔ ብመጣልዎትስ?»

ጃታኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየዋል። «ዶክተር፣ አንተ ላም ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጭራዋን ከሥሩ ያዝ። ጫፉን ከያዝክ ትወድቃለህ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለት ላነሳ ነው።» አይስቅም። በትሩን አንስቶ ይወጣል፤ ና አላለም፣ አትምጣም አላለም።

ክኒኑ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ደሳለኝ መልሶ ይቋጥረውና ለነገ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በባዶው ክፍል መሐል ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጆቹን አጥብቆ፣ የሌለ ጭራ ከሥሩ ይይዛል።