ኧረ አትቸገሩ

ትንሿ ባለሸራ ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ መሃል ናት። ሚስት ባሏን ስትነዘንዝ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው።

የውሃ በርሜላቸው በተሰነጠቀ ማግስት፣ በአጠገባቸው የሚያልፉ የጭነት መርከብ ሠራተኞች በሬዲዮ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ውሃ እንስጣችሁ?» ብለዋቸው ነበር። ባልየው እንደ ጨዋ ልጅ «ኧረ አትቸገሩ» አለና ደግመው እስኪለምኑት ጠበቀ። እነሱም «እሺ፣ መልካም ጉዞ» ብለው ሄዱ።

«ይሉኝታህ ገደል ይግባ!» ትለዋለች ከዚያ ወዲህ። «ውሃ ጠምቶኛል ማለት ምኑ ያሳፍራል? ሁለተኛ ሬዲዮውን ብትነካ ወዮልህ!»

ዛሬ ጠዋት፣ የቀራቸው ውሃ ሁለት ኩባያ ሲሆን፣ ሌላ መርከብ ብቅ አለ። ሚስትየው ሬዲዮውን አፈፍ አድርጋ «አዎ፣ እንፈልጋለን» የሚለውን በእንግሊዝኛ መለማመድ ጀመረች።

«ጤና ይስጥልኝ!» አለ አንድ ወንድ በሬዲዮው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «ባንዲራችሁን አይተን ነው። ውሃ ምናምን እናቀብላችሁ?»

የሴትዮዋ ፊት በራ።

«ኧረ በፍጹም! አሁን ጠጥተን መነሳታችን ነው።»

ባልየው ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ።

«ኧረ በሞቴ!» አለ ሰውየው።

«እንግዲህ በሞቴ ካሉ» አለች፣ ሁለቱን ኩባያ እያየች፣ «ትንሽ ብቻ፤ ለቅምሻ ያህል።»