አንድ ተኩል ሲሲ

«እንደገና ይንገሩኝ፣ ሲስተር። ስንት ነው የሚለው?»

«አንድ ሲሲ። ፊት አንድ ተኩል ይል አልነበር? ወይስ እኔ ነኝ የዘነጋሁት?» ሲስተር አምለሰት ናቸው፤ ከሽንዲ ማዶ ካለች ክሊኒክ ነው የሚደውሉልኝ። «ሦስት ኪሎ የምትመዝን አራስ ናት። መርፌ ከጀመረች ሁለት ቀኗ፤ ትኩሳቷ ንቅንቅ አላለም።»

እጄ ላፕቶፑ ላይ ደረቀ። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ፕሮግራም የእኔና የሥራ ባልደረባዬ የወንዳወቅ ሥራ ነው፤ ማንም በነፃ ይወስደዋል። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በአሮጌውም በአዲሱም እንዲሠራ አድርገን ነበር የጻፍነው። ታዲያ አንዲት ነገር በነካን ቁጥር በሁለቱም ተፈትሾ እስኪያልቅ ምሳ በልተን እንመለሳለን። ባለፈው ሳምንት ወንዳወቅ ተማረረ፤ «አሮጌውን ደግሞ ማን ይጠቀምበታል? ጣይው እባክሽ!» ጣልነው። ፍተሻው በረረ። ለአሮጌው ብለን ያስገባናትን አንዲት መስመርም አብረን ሰረዝናት።

ወይኔ ያቺ መስመር! አሮጌው ፓይተን ሦስትን ለሁለት ሲያካፍል አንድ ይልና ግማሹን ይጥለዋል። እንዳይጥል ታደርገው የነበረች እሷ ናት። ሲስተር ኮምፒውተር ላይ ያለው አሮጌው ነው ማለት ነው።

«ሲስተር፣ በእመቤቴ፣ ኮምፒውተሩን ይተዉት! የተሳሳትነው እኛ ነን። ሐኪሙን ይጥሩና በእጅ ያስሉት።»

«ውይ በሞትሁት! ቆይ፣ አትዝጊው።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሰማሁ። ሩጫ። ከዚያ የእናቲቱ ድምፅ፤ «ምነው? ልጄን ምን አገኛት?» የሕፃኗን ልቅሶ ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

መስመሯን መለስኋት፣ አሮጌውንም መለስሁትና ፍተሻውን አስጀመርሁ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መዞር ጀመረች።

ሲስተር ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተመለሱ። «አለች። ሐኪሙ አስተካክሎ ሰጥቷታል። እንግዲህ እግዜር ያውቃል።»

«ተመስገን! ግን አዲሱን ፕሮግራም ከየት አገኙት? እናንተ ጋ ኢንተርኔት የለ።»

«በፍላሽ ነዋ! ከቡሬ በሚኒባስ ላኩልኝ። እኔስ ደግ ነገር ደብቄ ልቀመጥ? ለማንኩሳም ለዱርቤቴም ቀድቼ ላክሁ። እነሱም ደግሞ...»

«እነሱም ለማን ላኩ፣ ሲስተር?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ።»

ክቧ ገና ትዞራለች። በመስኮቱ በኩል ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባሶቹ ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው የየአገሩን ስም ይጠራሉ።